በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ አምድ ስለ ምግብና ስለ ጤና ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የማነሣው ሌላው ሰው የሚሠራውን ስሕተት ነው። የዛሬው ግን የራሴ ነው።

እኛ በምንኖርበት በጉርድ ሾላ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንዲት እናት አለች። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልፈቀደችም። አራት ልጆች አሏት። ባለቤቷ መርካቶ ይነግዳል፤ ጧት 12 ሰዓት ወጥቶ የሚገባው ከዒሻ በኋላ ነው። ይህች እህት በሴቶች ደርስ ላይ ከሁላችንም ቀድማ የምትገኝ፣ ሰርግም ሆነ ሐዘን ቤት ሽንኩርት ለመክተፍ ቢላዋዋን ይዛ የምትመጣ ሴት ነበረች። ባለፈው ዓመት ከረመዳን በኋላ መቅረት ጀመረች። ስንጠራት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ደክሞኛል»።

እኛም «እውነቷን ነው፣ አራት ልጅ እኮ ነው» ብለን ተውናት። እኔ ደግሞ ስለ ጤና የምጽፍ ሰው በመሆኔ ከሌሎቹ የተሻልኩ መስሎኝ ቤቷ ሄድኩ። የዐይኗን ውስጠኛ ቆዳ ገልጬ አየሁ። ምስር፣ ጎመንና ጉበት እንድትበላ፣ ሻይ ከምግብ ጋር እንዳትጠጣ መከርኳት። አንድ ቀን ይዣት ሄጄ ደሟን አስመረመርኳት። ውጤቱ ጥሩ ሆነ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደምሽ ሙሉ ነው፤ ትንሽ ዕረፍት አድርጊ» ብያት ተመለስኩ። በልቤም ሥራዬን እንደጨረስኩ ቆጠርኩት።

ዕረፍቱም ተገኘ። እናቷ ከገጠር መጥተው አንድ ወር ሙሉ ቤቱን ያዙላት። እንጀራውን እርሳቸው ጋገሩ፣ ልጆቹን እርሳቸው አጠቡ። እርሷ ተኛች። ይልቁንም ተጋደመች ቢባል ይሻላል፤ እንቅልፍ አልነበረም። ወሩ ሲያልቅ እንደ መጀመሪያው ቀን ደክሟት ነበር። እናትየው ግራ ተጋብተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትልቋ ልጇ፣ ገና 14 ዓመቷ ነው፣ እየሮጠች ቤቴ መጣች። «እማዬ አንድ ቀን ተኝቼ ባልነሣ ደስ ይለኛል አለችኝ» አለች። በመጀመሪያው ወር መጠየቅ የነበረብኝን ነገር የጠየቅኳት ያን ቀን ነው።

የእኛ አማርኛ ለድካም ብዙ ቃል አለው። «ዛልኩ» እንላለን፣ «ሰውነቴ ከዳኝ» እንላለን፣ «እጅ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» እንላለን። ለውስጥ ሕመም ግን ያለ እፍረት የምንናገረው ቃል ያጥረናል። ሐኪሞች «ድብርት» ወይም «ድባቴ» ይሉታል። «ድብርት» የሚለውን ቃል ወጣቶቻችን ለሌላ ነገር አውለውታል፤ ታክሲ ሲዘገይ «ደበረኝ»፣ ወሬ ካልጣማቸው «ይደብራል» ይላሉ። ስለዚህ አንዲት እናት በእርግጥ ድብርት ሲይዛት ብትናገረውም የሚሰማት የለም። የሚቀራት ማንም የማያፍርበትና ማንም የማይጠይቅበት ቃል ነው። «ደክሞኛል» ብላ ታልፈዋለች።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይህ ነው። «ደክሞኛል» ላለን ሰው «አይዞህ፣ ዕረፍ» ብሎ መመለስ በቂ አይደለም። «ስታርፍስ ይለቅሃል?» ብለን ሁለተኛ ጥያቄ ልንጨምርበት ይገባል። መልሱ «አይለቀኝም» ከሆነ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው እንደምናደርገው ሁሉ ይዘነው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለብን።

ተራ ድካም ምክንያቱ ይታወቃል። በጧት ወጥታ መገናኛ ላይ ታክሲ የምትሰለፍ፣ ማታ ተመልሳ ወጥ የምትሠራ ሴት ሐሙስ ማታ ብትዝል አይገርምም። በረመዳን ለተራዊሕ ቆሞ፣ ለሱሑር ተነሥቶ፣ ቀን ሥራ የዋለ ሰው ከዙህር በኋላ ዐይኑ ቢከደን ጤነኛ ነው። ጡት የምታጠባ እናት በሌሊት ሦስቴ ተነሥታ በማግሥቱ ብትነጫነጭ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። እነዚህ ሁሉ ራሳቸውን ትራስ ላይ ሲያደርጉ ይተኛሉ። ቅዳሜ ጥሩ እንቅልፍ ካገኙ እሑድ የአክስታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ያጨበጭባሉ። የደከመ ሰው ነገሩን ይፈልገዋል፤ «ምነው አቅም በኖረኝ» ይላል።

በሌላኛው ሕመም ግን የሚጠፋው ፍላጎቱ ራሱ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ቁርኣን አኽትሞ ድግስ ሲደረግለት እናቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰው ድግስ እንደምታይ ሆና ነበር። «ደስ እንዲለኝ እፈልግ ነበር፣ ግን ምንም አልመጣልኝም» አለችኝ በኋላ። እንቅልፏም የተለየ ነበር። ደክሟት ትተኛና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ለሱብሒ ገና ብዙ ሲቀር፣ ዐይኗ ይፈጣል። ከዚያ እስኪነጋ ድረስ ያለፈ ጥፋቷን ትቆጥራለች። በተራ ድካም ሰው ጧት ይሻለውና ማታ ይዝላል። በድብርት ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ጧቱ ይከብድና ወደ ማታ ጥቂት ቀለል ይላል። አንዳንዱ ደግሞ እንቅልፍ ያበዛል፤ 12 ሰዓት ተኝቶም ሳያርፍ ይነሣል። የምግብ ጣዕም ይጠፋል፤ ወይም ያለ ልክ ይበላል። ጥቃቅን ውሳኔ ተራራ ይሆናል። «ምን ልሥራ፣ ሽሮ ወይስ ምስር?» የሚለው ጥያቄ እንኳ ያስለቅሳል።

ሰላቷንም ጠየቅኳት። እያፈረች ነገረችኝ። ትቆማለች፣ ግን ስንት ረከዓ እንደሰገደች አታውቅም። አራቱን ሦስት ብላ ትደግማለች፣ ደግሞ ትጠራጠራለች። ዱዓ ስታደርግ አፏ ይናገራል፣ ልቧ ባዶ ነው። ከዚህ በመነሣት «አላህ ጠልቶኛል፣ እኔ ሙናፊቅ ነኝ» የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሳ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ራስን መኮነንም እንዲሁ። ያመመው ሰው ሁለቱን አጋጥሞ የሚያነባቸው እንደ ኢማን መፍረስ ነው። እኛም «ኢማንሽ ስለቀነሰ ነው፣ ዚክር አብዢ» ስንላት ይህንኑ እናጸድቅላታለን። የእግሩ አጥንት የተሰበረበትን ሰው ስለ ሩጫ መምከር ይመስለኛል።

ሐዘንና ችግር ሁሉ በሽታ ነው ማለቴ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴት በዒዳዋ ወራት ብታለቅስ፣ እንቅልፍ ብታጣ፣ የሰው ልጅ ናት። የሐዘን ሕመም እንደ ማዕበል ይመጣና ይመለሳል። በመካከሉ የልጇን ቀልድ ትስቃለች፣ ስለ ሟቹ ጥሩ ነገር ታወራለች፣ ራሷን ከንቱ አድርጋ አትቆጥርም። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው ናፍቆት ዐይናቸው እስኪጠፋ ማልቀሳቸውን ሁላችንም ተምረናል። ኢማናቸው ደክሞ ነው የሚል ሙስሊም የለም። ለነቢይ ያልነፈግነውን ለጎረቤታችን መንፈጋችን ይገርመኛል።

በእስልምና የሳይንስ ታሪክም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1,000 ዓመት በፊት የኖረው አቡ ዘይድ አል-በልኺ (የሞተው እ.ኤ.አ. በ934 ነው) ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ሐዘንን ለይቶ ተመልክቶታል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ ሰው ሞቶበት ወይም ንብረት ጠፍቶበት የሚመጣ። ሌላው ሰውየው ራሱ «ለምን እንዳዘንኩ አላውቅም» የሚለው ሲሆን፣ አል-በልኺ ምንጩን ከሰውነት ነው ብሎ ሕክምና እንዲደረግለት አስተምሯል። የዛሬው ሕክምና በዝርዝሩ ብዙ ርቆ ሄዷል። ሁለቱን መለየት እንደሚያስፈልግ ግን ያ ሰው አስቀድሞ አይቶታል። እኛ የእርሱ ወራሾች ነን እያልን፣ ዝም ያለች ሴት ስናይ ወዲያው ጂን ወይም ሲሕር ወደማለት እንሮጣለን። ሩቅያ የሚያስቀሩ ሰዎችን አልቃወምም። ሩቅያው ሐኪም ቤት መሄድን ካስቀረ ግን እቃወማለሁ፤ ከዚህ በላይ ደግሞ የታመመን ሰው የሚመታ፣ የሚያስር ወይም መድኃኒቱን የሚያስጥል ካለ፣ ያ ሰው ጉዳት እያደረሰ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለችው ቡታጅራ ለብዙዎቻችን የቤተሰብ አገር ናት፤ ለአእምሮ ጤና ጥናት ደግሞ በዓለም ከሚታወቁ የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የቡታጅራ ጥናት የአካባቢውን አዋቂ ሰዎች ስለ አእምሮ ሕመም ምልክት ጠይቆ ነበር። ሰዎቹ በብዛት የጠቀሱት ብዙ መለፍለፍን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ ጠባይን ነው። ለአእምሮ ሕመም ባህላዊ ሕክምናን፣ ለአካል ሕመም ደግሞ ዘመናዊ ሕክምናን እንደሚመርጡም ተናገሩ። እንግዲህ አስቡት። ሕመም የምንለው የሚጮኸውን ብቻ ከሆነ፣ በጓዳዋ ተቀምጣ ግድግዳ የምታየውን ሴት ማን ያያታል? እርሷ አትለፈልፍም፣ አትማታም። ቤቱም ጸጥ ስለሚል ባልም ሊደሰት ይችላል።

በአገራችን ለጥናትም ለምርመራም የሚሠራበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ከ20ዎቹ ሁለቱ ስለ ድካም ናቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ድካም ይሰማህ እንደሆነ፣ ሌላው ቶሎ ይደክምህ እንደሆነ ይጠይቃል። የቀሩት ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ሆድ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ስለ ማልቀስ፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ስለ ማየት ይጠይቃሉ። ድካም ማለት ከብዙ በሮች አንዱ ነው ማለት ነው። በዚያ በር ብቻ ቆመን ምስርና ጎመን አቀብለን መመለሳችን ነው ጥፋቱ።

ይህን ያልኩት የምግቡን ነገር ለማቃለል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ የደም ምርመራው ትክክል ነበር፤ የመጀመሪያ እርምጃ ሆኖ ሊቀጥልም ይገባዋል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስም ሰው ይዝላል፣ ይበርደዋል፣ ይከፋዋል። ስኳር በሽታም ያደክማል። ከድካም ጋር ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። ያልታወቀ እርግዝናም አለ። የእኔ ጥፋት ምርመራውን ማስደረጌ ሳይሆን፣ ደሙ ጥሩ ሲሆን ጥያቄው የተዘጋ መምሰሉ ነበር። ወረቀቱ «ደም አላነሰም» ነበር ያለው፤ «ይህች ሴት ደኅና ናት» ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለ ጫት ሳልናገር ካለፍኩ ወንዶቹ አንባቢዎች ነገሩን የሴቶች ብቻ አድርገው ይወስዱታል። በዚያው በቡታጅራ ከ10,000 በላይ አዋቂዎች በተጠየቁበት ሌላ ጥናት ግማሾቹ ጫት እንደሚቅሙ፣ ከሚቅሙትም 80 በመቶዎቹ ለሰላትና ለዒባዳ ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ እንደሆነ ተናግረዋል። ስለ ፍርዱ ዑለማዎች ይናገሩ። እኔ ከሰውነት ጋር ስላለው ነገር ልናገር። ጫት ድካምን አያስወግድም፤ ይሸፍነዋል። ምርቃናው ሲያልፍ የተሸፈነው ተመልሶ ይመጣል፣ እንቅልፉም አብሮ ይበላሻል። በማግሥቱ ሰውየው የሚነሣው ዝሎ ነው፤ ያን ለመርሳት ደግሞ ይቅማል። ይህ ሰው ድብርት አለበት ወይስ የለበትም ብሎ ለመለየት ለሐኪምም ይከብዳል። ወንድ ልጅ እንደ ሴት አያለቅስም ይባላል። በእኔ አስተያየት ብዙ ወንድ የሚያለቅሰው በቁጣ ነው። ሱቁን ዘግቶ ሳይሆን ከፍቶ ተቀምጦ ደንበኛ የሚቆጣ፣ ልጁ ድምፅ ሲያሰማ የሚፈነዳ፣ ጀማዓ የተወ፣ «ምን ሆነሃል?» ሲባል «ሥራ ነው፣ ደክሞኝ ነው» የሚል አባት በየሠፈሩ አለ። እርሱንም ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁት።

በተለይ ዐይን ልንጥልባቸው የሚገቡ እህቶች አሉ። አንዷ አራሷ ናት። ከወለደች በኋላ ባሉት ቀናት ማልቀስና መረበሽ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ከዘለቀ አያልፍም ብሎ ማሰብና ሐኪም ማማከር ይገባል። አራስ ብቻዋን አትተው የሚሉት እናቶቻችን ምክንያቱን በሌላ መንገድ ቢያስረዱትም ምክራቸው ትክክል ነበር።

ሌላዋ ከዐረብ አገር የተመለሰችዋ ናት። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ተባረው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና ከ1,000 በላይ ተመላሾችን የተመለከተ ጥናት ከአራቱ ከአንዱ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ጭንቀት ሕመም ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህች ልጅ ስትመለስ ቤተሰቡ የሚጠይቃት ስለ ሻንጣዋ ነው። ለስንት ዓመት ሰው ቤት ከሌሊት እስከ ሌሊት ስትሠራ የቆየች ናትና «ደክሞኛል» ስትል ማንም አይጠራጠርም፤ «ትረፍ፣ ለፍታለች» ይባላል። ወራት ይሄዳሉ። እርሷ ግን ያረፈችው እጇ ብቻ ነው።

ሦስተኛዋን በእኛ ምሥራቅ አዲስ አበባ በብዛት አያታለሁ። ከመርካቶ ወይም ከሌላ የቆየ ሠፈር ተነሥታ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት ኮንዶሚኒየም የገባችዋ ናት። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውኃው በቧንቧ ነው፤ ግን ቡና ጠጡ ብላ የምትጣራበት አጥር የለም። በቀድሞው ሠፈር ሁለት ቀን ካልታየች በሯ ይንኳኳ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ወር ብትጠፋ ማን ያውቃል? ብቸኝነት በራሱ በሽታ አይደለም። በሽታው ሲመጣ ግን የሚያይ ሰው እንዳይኖር ያደርጋል።

ጎረቤቴን ያን ቀን ምን ብዬ ጠየቅኳት? ልጆቹን ወደ እኔ ቤት ላክኋቸውና አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ሞት ትመኛለሽ?» አልኳት። ፈርቼ ነበር። ብጠይቃት ሐሳቡን አስገባባታለሁ ብዬ ሰግቼ ነበር። ይህ ፍርሃት ትክክል አይደለም፤ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባ ባለሙያዎች ይናገራሉ። እርሷም ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሐራም መሆኑን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም ለማንም መናገር አልቻለችም። ሰው እንዲህ ሲላችሁ ስብከት አታስቀድሙ። ስሙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ በቤት ያለ መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከእጁ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሰውየው የሌለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ምግብና ውኃ እምቢ ካለ፣ ወይም ለቀናት ሳይተኛ ጉልበት ሞልቶት የሚሮጥ ከሆነም ቀጠሮ አይጠበቅም።

ባለቤቷ መጀመሪያ አልፈለገም። «አማኑኤል ገባች ይሉኛል» አለ። ይህን ፍርሃት የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበረ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠና እስኪጀመር ድረስ የአእምሮ ሐኪም ለመሆን ውጭ አገር መሄድ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በትልልቅ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ለእኛ ሠፈር ሰው ቅርብ የሆነው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ማእከል ሆኖ ብናውቀውም፣ ሲጀመር የአእምሮ ሕክምናን ለማስፋፋት የታሰበ ነው። ከጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። ባለሙያው ፊት ስትቀርቡ ግን «ወገቤን፣ ራሴን» ብላችሁ አታቁሙ። እንቅልፉን፣ ልቅሶውን፣ የጠፋውን ደስታ ተናገሩ፤ ካልተናገራችሁ የራስ ምታት ክኒን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ለባለቤቷ ያልኩት አንድ ነገር ነው። «አባትህ ስኳር ሲይዛቸው ለስንት ዓመት መድኃኒት አመላለስክ?» አልኩት። ዝም አለ። በማግሥቱ ሱቁን ዘግቶ ወሰዳት።

ሕክምናው የንግግር ሊሆን ይችላል፣ የክኒን ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አብረው ሊሰጡ ይችላሉ። ክኒኑ ዛሬ ተውጦ ነገ አያሽልም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ወይም «ተሻለኝ» ብሎ በሁለተኛው ወር ይጥለዋል። ሳያማክሩ በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሳል። በጾም ወቅት ብዙዎቹን መድኃኒቶች ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻላል፤ ይህን ግን ከረመዳን በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ሊቲየም የሚባለውን የሚወስድ ሰው በተለይ ውኃ ሲያጥረው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊበዛበት ስለሚችል በራሱ ፈቃድ እንዳይወስን።

ምግብን በተመለከተ፣ አምዱ የእርሱ ነውና፣ አንድ ነገር ልጨምር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዘን ለደረሰባቸው ሰዎች ተልቢና የተባለውን የገብስ ሾርባ ታሠራ እንደነበር ይታወቃል። የእኛ የገብስ አጥሚት የቅርብ ዘመዱ ነው። አፉ ምግብ እምቢ ላለው ሰው ቀጠን ተደርጎ፣ ወተት ገብቶበት፣ ጥቂት ጥቂት ቢሰጥ ይወርድለታል። ድብርትን ግን አጥሚት አያድንም፤ ጥቁር አዝሙድና ማርም አያድኑም፤ የሚያድኑ መስሎን ወር ሙሉ ስንጠብቅ የምናጠፋው ጊዜ ነው የሚያሳስበኝ። አጥሚቱን የወሰደው ሰው አጠገቧ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ከአጥሚቱ ይበልጥ ሊጠቅማት ይችላል። በእግር መሄድም ይረዳል። ብቻዋን ሂጂ ማለት ግን ከንቱ ነው፤ መነሣት ያቃታት ሴት ናትና አብራችኋት ሂዱ። እኛ ከሱብሒ በኋላ እስከ ዋናው መንገድ ደርሰን እንመለስ ነበር። መጀመሪያ አንድ ቃል አትናገርም። በሦስተኛው ሳምንት ግድም የሽንኩርት ዋጋ ስለ መወደዱ አነሣች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስሰማ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለኢማሞቻችንና ለኡስታዞቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ከሐኪም በፊት ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። «ኡስታዝ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ደክሞኛል» ሲላችሁ ዱዓውን አድርጉለት። ከዚያም እንዴት እንደሚተኛና ስንት ሳምንት እንደሆነው ጠይቁት፤ «ሐኪምም እይ፣ መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም» በሉት። እኛ አሥር ጊዜ ብንናገር የማይሰማን ባል ከእናንተ አንድ ጊዜ ቢሰማ ይበቃዋል።

ጎረቤቴ አሁን ወደ ደርስ ተመልሳለች። መድኃኒቷን አላቆመችም፤ ሐኪሟ ገና ነው ብለዋታል። አንዳንድ ቀን ግን ዛሬም ትቀራለች። እደውልና «ምነው?» እላታለሁ። «ደክሞኛል» ትላለች። «የትኛው ነው?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት «የልብስ አጠባው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ጥቂት ዝም ብላ «እንጃ፣ ነይ እስቲ» አለችኝና ሄድኩ።

በሚቀጥለው ወር ስኳር ያለባቸው ሰዎች ስለ ሱሑር አመጋገባቸው እንመለከታለን፣ ኢንሻ አላህ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።